ነጻ ፈቃድ ኖረም አልኖረ፦ የሕይወትን ትርጉም የያዝኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አብዛኛው መካሪ «መጀመሪያ ነጻ ፈቃድ መኖሩን ወስን፣ ትርጉሙ ከዚያ ይመጣል» ይላል። እኔን የጠቀመኝ ተቃራኒው ነው፤ ምርጫችን የራሳችን ነው ወይስ አስቀድሞ የተወሰነ የሚለውን ጥያቄ ክፍት ትቼ ከምሳሳላቸው ነገሮች ጀመርኩ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የምትሳሱላቸውን አምስት ነገሮች ጻፉና «ምርጫዬ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆን ይህ ዋጋ ያጣል?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። የእናት ሕመም፣ የልጅ ትምህርት፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጭ የሚያሰጋው ገብስ አንዱም ዋጋ አያጣም። የሚወድቀው «ከሌላው የምበልጠው በራሴ ብቻ ነው» የሚል ኩራት ነው፤ ይውደቅ።

ሰው የሚሰበረው ቀጥሎ ነው። «ሁሉም የተወሰነ ከሆነ ብለፋ ምን ዋጋ አለው?» ይልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ሳይንስ ያረጋገጠው አስመስለው በሚያስተምሩ መምህራን እስካሁን እበሳጫለሁ። የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሙከራ ያነሡና «አንጎልህ ቀድሞህ ወስኗል» ብለው ይዘጉታል። ሙከራው ግን እጅን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በአንጎል ላይ የተለካው የኤሌክትሪክ ምልክት ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ጀመረ፤ ተሳታፊዎቹ ፍላጎቱ ተሰማን ያሉት 0.2 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው የአንጎል ተመራማሪ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ምልክቱ የተጠናቀቀ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል፣ በዘፈቀደ ከሚዋዥቅ የአንጎል እንቅስቃሴ ሊመነጭ እንደሚችል አሳዩ። ይህን ለተማሪ ሳይነግሩ የእጅን ንቅናቄ በትዳርና በእርሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

«ዕድሌ ነው» የሚል ሰው ገብሱ ቢታረምም ባይታረምም ያው ነው ማለቱ ነው። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው የሚል ግን እንዲህ ሊል አይችልም፤ ማረሙም ከምክንያቶቹ አንዱ ነዋ። ሐሳቡ በመጣብኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነው፦ ይህን ሥራ ዛሬ ብተወው ውጤቱ ይለወጣል? ከተለወጠ እሠራዋለሁ፣ ለሥራ ያነሣሣኝ ምንም ይሁን።

በደልን በተመለከተ ከሽማግሌዎች ተማሩ። በዳዩ ሌላ ማድረግ ይችል ነበር ወይ የሚለው ሳይፈታ ካሳም ዕርቅም ይፈጸማል። በቀልን ግን ጣሉት፣ ምንም አይጠግንም።

ትርጉምን ለብቻችሁ አትፈልጉ። የሰሜን ሸዋ መንዞች የጓሳን ደጋ ሣር ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ፣ ለዓመታት ከልክለው በጋራ ይከፍቱት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ጥበቃውን በመተዳደሪያ ደንብ መልሰውታል። እናንተም ዕድር ወይም ደቦ ግቡና ሌላው የሚጠብቀውን ሥራ ያዙ። ልባችሁ ሲዋዥቅ እንኳ ተራችሁ ሲደርስ ትሄዳላችሁ።