መስኮቶቹን ከመንካቴ በፊት ማወቅ የነበረብኝ

ዴንቨር አጠገብ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ የምንኖርበት ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠራ፣ አሜሪካኖች «ራንች» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ፎቅ የሌለው፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ከግድግዳው አልፎ የወጣ፣ ረጅም ጎኑን ለመንገዱ የሰጠ የጡብ ቤት። ዛሬ የአሜሪካ መንግሥት ሊጠበቁ የሚገባቸውን ታሪካዊ ሕንፃዎችና ቦታዎች በሚያሰፍርበት በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍሯል። ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ የሁለት ዓመት ልፋት ይቀርልኝ ስለነበር ነው።

የወረቀቱ ሥራ እንደሚወራው አያስፈራም። የመዝገቡ መመሪያ በአጠቃላይ ሕንፃው 50 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል፤ የእኛ ቤት ይህን ካለፈ ቆይቷል። የግንባታ ፈቃዱን ከከተማው፣ የባለቤትነት ሰነዶቹን ከካውንቲው መዝገብ ቤት አወጣሁ። የሰፈሩ የ1947 ሰነድ ነጭ ያልሆነ ሰው በቤቶቹ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ አለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ቢወስንም፣ ጽሑፉ ከሰነዱ አልተፋቀም። አንቀጹን ቃል በቃል ገልብጬ በማመልከቻው የታሪክ ክፍል አስገባሁት። ዛሬ በዚያ ቤት የምኖረው እኔ ነኝና መዝገቡ ያንንም እንዲይዘው ፈለግሁ።

የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ በመስኮቶቹ ነው። በመንገዱ በኩል ያሉት አራቱ በእጅ መዘውር የሚከፈቱ የብረት መስኮቶች ነበሩ፤ ክፈፋቸው ከጣት አይወፍርም፣ የመዘውሮቹ እጀታም ከብዙ ዓመት አያያዝ የተነሣ ለስልሶ ያበራ ነበር። ክረምት ሲገባ ብርድ ያስገባሉና ልቀይራቸው አሰብሁ። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድሁበት የከተማው ሠራተኛ፣ ቤቱን ለማስመዝገብ ማሰቤን ነግሬው ሳለ፣ «ገና ስላልተመዘገበ የፈለጉትን መቀየር ይችላሉ» አለኝ። በሕግ ረገድ ትክክል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እኔም ሁለተኛ ሰው ሳልጠይቅ የፕላስቲክ ክፈፍ ያላቸው ባለ ሁለት መስታወት መስኮቶች አስገጠምሁ፤ ኮንትራክተሩም አሮጌዎቹን በዚያው ቀን ጭኖ ወሰዳቸው።

ከስቴቱ የታሪክ ጥበቃ ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ገና መንገዱ ላይ ቆማ፣ ወደ በሩ እንኳ ሳትደርስ፣ «እነዚህን መቼ ቀየሯቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የአዲሶቹ ክፈፍ የመዳፍ ያህል ስለሚሰፋ መስታወቱን አጥብቦት፣ የቤቱ ግንባር ዓይኑ የጠበበ ፊት መስሎ ነበር። መዝገቡ ሕንፃው ጥንተ መልኩን መጠበቁን የሚመዝነው በሰባት ነገሮች ሲሆን፣ ከእነርሱ ንድፉ፣ ቁሳቁሱና የእጅ ሥራው በዋናነት በእነዚያ መስኮቶች ይታዩ ነበር። በዚህ ሁኔታ ማመልከቻው እንደማያልፍ በትሕትና ነገረችኝ።

ስምንት ወር ፈለግሁ። በመጨረሻ ሦስት መንገድ አልፎ፣ ያው ሠሪ የሠራው ቤት ሊፈርስ መሆኑን ሰማሁና ባለቤቱን ለምኜ መስኮቶቹን በገዛ እጄ ነቀልኋቸው። ዝገቱን ማስለቀቅና መስታወቶቹን እንደገና ማሰር አንድ ሙሉ በጋ ወሰደ፤ ያወጣሁት ገንዘብ ከፕላስቲኮቹ ዋጋ ይበልጣል። ብርዱን ያስቀረልኝ ግን ኮርኒሱ ላይ ያስነጠፍሁት የሙቀት መከላከያና በውስጥ በኩል የደረብሁት ተነቃይ መስታወት ነው። ሁለቱን አስቀድሜ ባደርግ ኖሮ አንድም መስኮት አይነቀልም ነበር።

ቢሮዎቹ ከቤቱ ታሪካዊ ፋይዳ ጀምሩ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በመጀመሪያ እያንዳንዱን መስኮት፣ በርና የጡብ መስመር ፎቶ አንሡ፤ የስቴቱ ባለሙያ ቤቱን ሳያይ ምስማር እንኳ አትንቀሉ። ብሔራዊው መዝገብ ከሁሉ የላቀ ጥበቃ እንደሆነም አትመኑ፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ካልገባበት በቀር የግል ባለቤት ቤቱን ከማፍረስ አያግደውም። የሚያግደው የከተማው ደንብ ነውና፣ ከተማችሁ እንዲህ ያለ ደንብ ካለው መጀመሪያ እርሱን ጠይቁ።

ገምጋሚው ቦርድ ማመልከቻውን ተቀብሎ አሳለፈው፤ መዝገቡን የሚይዘው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትም አጸደቀው። ደብዳቤው ሲደርሰን ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እኔም በጣም ኮራሁ። ነገር ግን ከፈረሰው ቤት ያገኘሁት ሦስት መስኮት ብቻ ነበር። አራተኛው፣ ከወጥ ቤቱ በስተግራ ያለው፣ እስከ ዛሬ ፕላስቲክ ነው፤ በማመልከቻውም «ከጥንቱ ያልሆነ» ተብሎ ተመዝግቧል።