በቮልሷ እስከ ቁልቢ

ዕለቱ አርብ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ፣ አመሻሽ ላይ። እማዬን ከጊዮርጊስ ይዣት ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ምኒልክ አደባባይ ዳር አንድ አውቶቡስ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቁልቢ! ቁልቢ! የቀረው ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ጀሪካን ተጭኗል። ውስጡ በነጠላ ነጭ ሆኗል።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። አውቶቡሱ ሞልቶ እስኪሄድ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ስለት አለብኝ» አለችኝ በመጨረሻ።

«የምን ስለት?»

«ያንቺ ነዋ።»

ስድስት ዓመቴ ላይ ሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እሱን አውቃለሁ። ያኔ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ መሳሏን ግን አላውቅም። 28 ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«አባትሽ በባቡር እወስድሻለሁ ይለኝ ነበራ። ዛሬ ነገ ስንል ባቡሩ ቆመ። እሱም ጥሎኝ ሄደ።»

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ልጅ ሆኖ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ገባ፤ ኋላ ወደ ለገሃር ተዛወረ። ሲያርፍ ትቶልን የሄደው አንድ ቮልስ ነው። የ1967 ሞዴል፣ 1300፣ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ። እኔ እሑድ እሑድ እስከ አራት ኪሎ አንቀሳቅሳት ነበር እንጂ ከከተማ አውጥቻት አላውቅም።

«ነገ እንሂድ» አልኳት።

«በምን?»

«በቮልሷ።»

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ቁልቢ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እማዬ ግን አንዴም አላቅማማችም። እጄን ይዛ ወደ ጊዮርጊስ መለሰችኝ። እዚያ አካባቢ ያሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ሊዘጉ ነበር። አንዱ ጋ ደርሰን ቀይ ከፋይ ጥላ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ገዛች። ገንዘቡን የሰጠችው ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ነው። ዋጋ አልተከራከረችም። እማዬ ሳትከራከር ስትገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤታችን ሠራተኛ ሰፈር ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። ድልድዩን ስንሻገር እማዬ «ቁልቢን ያሠሩት እኮ እሳቸው ናቸው» አለችኝ። ራስ መኮንን ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው እንዳሠሩት በሰፊው ይነገራል። ዕድሜዬን ሙሉ የረገጥኩት ድልድይ ከምንሄድበት ቦታ ጋር ዝምድና እንዳለው አስቤው አላውቅም ነበር።

ሌሊቱን የሰፈራችንን መካኒክ ቀሰቀስነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። የአባዬ ጓደኛ ነበር። ባትሪ ይዞ፣ ጋቢ ደርቦ መጣ። ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ጠራረገ፣ መለሰ። ዘይት ቀየረ። ፍሬኑን አየ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ አንዲት አዲስ ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ይዞ መጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሶማሌ ተራ ለሌላ ደንበኛ የገዛት ነበረች።

«ከስንቅሽ በፊት ይችን ያዢ» አለኝ።

ቮልስ ውሃ አይጠጣም። ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። ጋሼ ይህንን ደጋግሞ ነገረኝ። «ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል። እዚያው አጥፊ። ትንሽ ልሂድ እንዳትዪ።»

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ብርዱ የታኅሣሥ ነው፣ አጥንት ይሰብራል። ጥላው ፊት ለፊት ያለው ኮፈን ውስጥ አልገባ ስላለ በሁለታችን መካከል አጋደምነው፤ ጫፉ የኋላውን መስታወት ነካ። ጾመ ነቢያት ነውና ስንቃችን በሶ፣ ዳቦና ቆሎ ነበር። ጊዮርጊስ ጋ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ለኪዳን ይገባሉ። እማዬ በመስኮት ተሳለመች። ቸርችልን ቁልቁል ወረድነው። ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ ከዚያ ለገሃር። መንገዱ ጭር ብሏል። የቮልሷ ድምፅ ከሕንፃዎቹ ጋር እየተጋጨ ይመለሳል።

የባቡር ጣቢያው ፊት ስደርስ እማዬ «አቁሚ» አለች።

አልወረደችም። ከመቀመጫዋ ሆና ሕንፃውን አየችው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣቢያው የተጠናቀቀው ደግሞ በ1929። ከጅቡቲ እዚህ ድረስ 784 ኪሎ ሜትር። «ሌሊት ከተማው ጭር ሲል ጡሩምባው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር» አለችኝ። «እሱን ስሰማ ድስት እጥዳለሁ። አባትሽ እስኪደርስ ወጡ ይደርሳል።» ይህንን ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ «በይ ንጂ» አለች።

የፍጥነት መንገዱን ተውነው። በ60 የምትሄድ መኪና እዚያ ምን ትሠራለች? በአሮጌው መንገድ ሄድን። ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም። ፀሐይ የወጣችው ቢሾፍቱ ስንደርስ ነው። ሞጆንም አዳማንም ሳንቆም አለፍናቸው። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ተሳቢው፣ ሁሉም ይቀድመናል። ከቁልቢ አውቶቡሶች ውስጥ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልቡልናል። አንዱ ሾፌር ጎን ለጎን ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ «በርቱ!» ብሎን አለፈ። እማዬ ለዚያ ሰው እስከ መተሐራ ድረስ ስትመርቅለት ነበር።

መተሐራ ላይ ወደ ቆላ ገባን። ጋቢው ተነሣ። ፈንታሌ ተራራ በግራ በኩል ቆሟል። ከእሱ ሥር የወጣው ጥቁር ድንጋይ ትናንት የፈሰሰ ነው የሚመስለው፣ ሣር እንኳን አልለበሰም። ከዚያ በሰቃ ሐይቅ። በ1950ዎቹ ይህ ሐይቅ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ40 በልጧል። መንገዱ ዳርና ዳሩ ውሃ ሆኖ በመሃል ነው የሚታለፈው። አባዬ ውሃው ወደ ሐዲዱ እየቀረበ ነው ብሎ ይጨነቅ እንደነበር እማዬ ነገረችኝ። ማታ ማታ እራት ላይ የሚያወራው ስለዚህ ሐይቅ ነበር አለች። የአንድ ሐይቅ ጭንቀት ቤታችን ገበታ ላይ ይቀርብ እንደነበር የሰማሁት እዚያው ሐይቁ ላይ ሆኜ ነው።

አዋሽ ሰባት ሽሮ በላን። ሙቀቱ ከባድ ነው። ሞተሩን ለአንድ ሰዓት ያህል አሳረፍኩት። እስከዚህ ድረስ መንገዱና የድሮው ሐዲድ እየተቀራረቡ ነው የሚሄዱት። ከሚኤሶ በኋላ ይለያያሉ። ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በቆላው፣ በኤረር አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። መኪናው ግን የጨርጨርን ተራራ መውጣት አለበት።

ቀይ መብራቱ የበራው ዳገቱ ላይ ነው። ከኋላ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ እንዳለኝ እዚያው አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋዋ ለሁለት ተበጥሳ ሞተሩ ሥር ወድቃለች።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር አቁሞ ወረደ። ጎማዎቻችን ሥር ድንጋይ አደረገልን፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና እንዲያየንም ራቅ አድርጎ የቅጠል ምልክት አኖረ። ከማሽላ ማሳ አንድ አዛውንት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክመው መጡ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ሰው የሚያመጣው ውሃ ነው። ሞተሩ ውሃ እንደማይፈልግ ስንነግራቸው አላመኑም። እያጎነበሱ ራዲያተሩን ፈለጉ። ከዚያ «እንግዲያው እናንተ ጠጡት» አሉን። ጠጣን። እጃችንንም ታጠብንበት።

ቺንጋ መቀየር ያስተማረኝ አባዬ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ በግቢያችን። ከዚያ ወዲህ ሠርቼው አላውቅም። እጄ ግን አልረሳውም። የዲናሞው ፑሊ፣ ቺንጋዋ የምትጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ሁለት ግማሽ ነው። በግማሾቹ መካከል እንደ ሳንቲም የሳሱ ቀለበት መሳይ ብረቶች፣ ሮንዴላዎች፣ አሉ። ከመሃል ሲወጡ ቺንጋዋ ትወጠራለች፣ ሲጨመሩ ትላላለች። ፑሊው ጠርዝ ላይ ትንሽ ክፍተት አለች። ካቻቢቴ እዚያ ታስገባለህ፣ ዲናሞው ላይ ካለው ብሎን ጋር ታስደግፈዋለህ፣ ያኔ ፑሊው አይዞርም። ከዚያ በ21 ቁጥር ቁልፍ ትፈታለህ።

ካቻቢቴውን እማዬ ያዘችልኝ። በሁለት እጇ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ብሎኑ ሲፈታ የፑሊው ግማሽ ወጣ፤ ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ነጠላዋ ላይ አኖርኩ። ዘይትና ጥላሸት ናቸው። ነጠላዋ ነጭ ናት፣ ለንግሥ ያጠበቻት። «አባትሽ ሲሠራ እኔ ነበርኩ የምይዝለት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «አንቺ ተኝተሽ ነው የማታውቂው።»

አዲሷን ቺንጋ አስገባሁ። ሮንዴላዎቹን ከነጠላዋ እያነሣሁ መለስኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ። በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኳት፤ አባዬ እንዳሳየኝ ትንሽ ብቻ ሰጠች። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። አዛውንቱ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ። እማዬ አላለቀሰችም፤ ካቻቢቴውን በቀሚሷ ጠርጋ ቦታው መለሰችው።

አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ መኪና መሄድ አይችልም። መንገዱን ሰው ሞልቶታል። በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ። ቮልሷን አንድ ግቢ ውስጥ በአደራ አስቀምጠን በእግራችን ወጣን። ያን ሌሊት ብርዱ ላይ ጋቢያችንን ለሁለት ተጋርተን አደርን። በዙሪያችን እልልታውና ዝማሬው አላቋረጠም።

ጠዋት ታቦቱ ሲወጣ የነበረውን ሁሉ ለመጻፍ አልሞክርም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። የስለት መቀበያው ጋ ተራችን ሲደርስ እማዬ ጥላውን ዘረጋችው። የዕቃ ተቀባዩ ዲያቆን «የምን ስለት ነው እናቴ?» አላት። እሷ ምንም አልመለሰችም። ክንዴን ይዛ ወደ ፊት አቀረበችኝ። «ይኸው» አለችው።

ከዚያ ድሬዳዋ ወረድን። ከደንገጎ በታች ያለው መንገድ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፣ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎቹ ሥር ጥላ አለ፣ ጎዳናዎቹ በገመድ የተለኩ ይመስላሉ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም ከእሱ ጋር ተወለደች። ጣቢያው በር ላይ ለጥበቃው አባዬ እዚህ ወርክሾፕ እንደሠራ ነገርነው። ቮልሷን አየ፣ እማዬን አየ፣ አስገባን። እማዬ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ብረቱ ላይ አደረገች። «ሞቃት ነው» አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፣ ብዙም አላወራንም።

መልሱን አዋሽ አድረን በማግስቱ ገባን። ስለ መልሱ የምጽፈው ብዙ የለም፤ ቮልሷ አንዴም አላስቸገረችም። ለገሃር ስንደርስ መሽቷል። ቸርችልን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ሠራተኛ ሰፈር ስንገባ ጋሼ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ምንም ሳይል ከኋላ ዞሮ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቺንጋዋን በጣቱ ገፋ አደረጋት።

«ማን ነው የቀየራት?»

«እኛ» አለች እማዬ።

ቤት ገብተን ነጠላዋን ስታወልቅ ጫፏ ላይ ያለችውን ቋጠሮ ፈታች። ከሳንቲሞቹ መካከል አንዲት ጥቁር ሮንዴላ ወጣች። ሳላያት ቀርታ ይሁን፣ ሆን ብላ ይዛት ይሁን አልጠየቅኳትም። መብራቱ ላይ አንሥታ አየቻትና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ነገ ቦታዋ መልሺያት» አለችኝ።