ጥቁሩ ሽቦ

ቡና ቆልተውና ፈጭተው የሚሸጡ እናት ወደ ወርክሾፓችን መጡ። "ልጄ፣ እጄ አለቀ" አሉኝ። የፈለጉት በጋዝ እሳት ላይ በሞተር የሚዞር በርሜል ነው። አንድ ነገር ግን ደጋግመው አስጠነቀቁኝ፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም። እሳት ላይ በቆመ በርሜል ውስጥ ያለ ቡና ምን እንደሚሆን ለሐበሻ አይነገርም።

ሞተሩን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። አሮጌ የመኪና ዋይፐር ሞተር፣ 12 ቮልት። ቀርፋፋ ነው ግን ጉልበት አለው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከሱ የተሻለ አላውቅም። የሚሠራው ከባትሪ ነው፤ መብራት ሲኖር ቻርጀር ይሞላዋል። ሞተሩን የሚነዳው ቢቲኤስ7960 የሚባለው ድራይቨር ነው፣ ድራይቨሩን የሚያዘው አርዱይኖ ኡኖ፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ከረንቱን በኤሲኤስ712 ሴንሰር አነባለሁ፣ ባለ 20 አምፔሩ፤ ለአንድ አምፔር 100 ሚሊቮልት ይሰጣል።

የባትሪውን ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተር ከፋፈልኩት፤ በ10 ኪሎ ኦምና በ4.7 ኪሎ ኦም። የአርዱይኖው መለኪያ እግር ከ5 ቮልት በላይ ስለማይችል 12ቱ ወደ 3.8 ይወርድለታል። እዚህ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ የመለኪያውን ፖዘቲቭ በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ላይ፣ በራሱ ቀጭን ሽቦ ወሰድኩ። የሞተሩ ከረንት ንባቤን እንዳያበላሸው ነው። ኔጌቲቩን አላሰብኩትም። ግራውንድ፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚለካበት የዜሮ መነሻ፣ የትም ቢሆን ግራውንድ ነው ብዬ።

ፕሮግራሙ ላይ ጥበቃ ጻፍኩ፤ ባትሪው ከ11.8 ቮልት ከወረደ ሞተሩን አቁም፣ ሲመለስ አስነሳ። እሳት ላይ ያለ በርሜልን ባትሪ ለማዳን ብሎ ማቆም ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ኮርቼበት ነበር።

በርሜሉ ባዶውን 3 አምፔር እየበላ ግማሽ ቀን ዞረ። እንከን የለውም። ደንበኛዬን ጠራኋቸው። 3 ኪሎ ጥሬ ቡና ይዘው መጡ፣ ጨመርን፣ እሳቱን ለኮስን። በርሜሉ ዞር አለና ቆመ። ዞር አለ፣ ቆመ። እኔ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ "አንዴ፣ አንዴ ብቻ" እላለሁ። እሳቱን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ቡናው በአንድ በኩል ከሰል፣ በሌላው በኩል ጥሬ ሆኖ ወጣ። ምንም አልተናገሩም። ጭሱ ግን እስከ ማታ ከቤቱ አልወጣም።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ፍለጋ። ቡና የመሰለ ክብደት ስንጨምርበት ሞተሩ 9 አምፔር ይስባል፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ቴስተሬን ባትሪው ላይ ሳደርግ 12.2 ቮልት ያሳያል። አርዱይኖው ደግሞ 11.6 ነው ይላል። እንግዲህ ውሸታሙ አርዱይኖው ነው ብዬ ፈረድኩ። ሬዚስተሮቹን ቀየርኩ። ካፓሲተር ጨመርኩ። በመጨረሻ ያደረግኩት የባሰ ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩን በትንሽ አባዝቼ 12.2 እንዲል አስገደድኩት። ሞተሩ ሲቆም 12.5 ማለት የነበረበት 13.1 አለ። ይሄን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። ስህተቱ የሚመጣው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ሬዚስተር ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ይዋሽ ነበር።

ከአንድ ኮሌጅ ለሥራ ልምምድ የወጣች ልጅ ነበረች። ዝም ብላ ታያለች፣ አልፎ አልፎ ካቻቢቴ ታቀብላለች። "ጋሼ" አለችኝ፣ "የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ለምን ሁሌ ባትሪው ላይ ያደርጉታል?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩና መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቀዩን ከቦታ ቦታ ሳዞር ጥቁሩ ከባትሪው ኔጌቲቭ ንቅንቅ አላለም። አርዱይኖው ግን የሚለካው ከራሱ ግራውንድ ተነስቶ ነው። ቀዩን የአርዱይኖው ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግን። አንድ ነጥብ ናቸው ስል የነበሩት ሁለቱ። ሞተሩ ቆሞ ዜሮ። ሞተሩን አስነሳነው፤ 0.6 ቮልት።

ባትሪውን ከእሳቱ ላርቀው ብዬ 2 ሜትር ሽቦ ዘርግቼ ነበር፣ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ። እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው። የሞተሩ 9 አምፔር ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚሁ ሽቦ ነው፤ የአርዱይኖው ግራውንድም የታሰረው በሞተሩ በኩል ባለው ጫፉ ላይ ነው። 2 ሜትሩ ብቻውን ወደ 0.4 ቮልት ይበላል። ቀሪውን የበላው መሐል ላይ ጠምዝዤ በናስትሮ የጠቀለልኩት መገጣጠሚያ ነው፤ ስነካው ይሞቃል። አርዱይኖው የቆመበት መሬት 0.6 ከፍ ስላለ ባትሪው በዚያው ልክ አጥሮ ታየው። የዋሸው ነገር የለም።

ሁለቱንም የሞተር ሽቦዎች ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር አደረግናቸው፣ ያለ መገጣጠሚያ፣ ጫፉም በሶልደር። ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት በታች ወረደ። ሞተሩም ፈጠን አለ፤ ለካ በፖዘቲቩም በኩል ሲራብ ነው የከረመው። ያቺን የማባዛት መስመር ከፕሮግራሙ ሰረዝኩ። ባትሪ ሲደክም መጀመሪያ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሞተሩን የሚያቆመው ሰው ነው።

በሳምንቱ ደንበኛዬ እንደገና መጡ። ቡናው እኩል ተቆልቶ ወጣ። አንዷን ፍሬ አንስተው ቆረጠሟት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዘወር ብለው "የዚያን ቀን 3 ኪሎዬንስ ማነው የሚከፍለኝ?" አሉ። ከፈልኩ።