ፊት ማን ይቀመጥ?

ዛሬ እኔና ባለቤቴ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ላይ የሁለት ሰው ብስክሌት ተከራየን። "ባሕር ዳር ያደገ እያለ ማን ፊት ይቀመጣል?" ብዬ ቀድሜ ያዝኩት። መሪውም ፍሬኑም ማርሹም ፊት ነው፤ ከኋላ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ። ፔዳሎቹ በሰንሰለት ስለተያያዙ እኔ መርገጥ ሳቆም የእሷም እግር ቀጥ ይላል። ሳልነግራት እያቆምኩ ሁለቴ ልጥላት ነበር።

ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው መናፈሻ፣ ግሬቭሊ ፖይንት ስንደርስ፣ አውሮፕላኖቹ በአናታችን ላይ እያለፉ፣ "በል ውረድ" አለችኝ። ተቀያየርን። እሷ "ጉብታ መጣ"፣ "ላቆም ነው"፣ "አሁን እርገጥ" እያለች ነው የምትነዳው። (እኔ እኮ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።) ከባዱ ሰው ፊት ሲሆን መሪው ይቀላል ይባላል፤ ልነግራት አስቤ ዋጥኩት።

ስንመለስም መሪው እሷው ጋ ነበር።