የሰሙነ ሕማማት የወላጆች ስብሰባ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደሴ ውስጥ ልጄ በሚማርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የተነጋገርነው ትምህርት ቤቱ ለትንሣኤ በዓል ምን ያዘጋጅ በሚለው ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ልጆቹ የሀገር ልብስ ለብሰው መዝሙር እንዲያቀርቡ ጠየቁ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ግን የፋሲካን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚያድር ልጅ ሰኞ ጠዋት ፈተና ላይ እንዳይቀመጥ ብቻ ለመኑ።

እኔ ያገዝኩት እኚህን አባት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ መዝሙሩና ስግደቱም በቤተ ክርስቲያንና በቤታችን ሙሉ ቦታ አላቸው። ከትምህርት ቤቱ የምጠብቀው 55 ቀን የሚጾመውን ልጅ ማወቅን፣ ከስቅለት በፊት ባሉት ቀናት የቤት ሥራ ማቅለልን፣ እንዲሁም ጸሎተ ሐሙስ ላይ ጉልባን ለምን እንደሚበላ ለሁሉም ልጆች ማስረዳትን ነው። ለዒድም እንዲሁ ሊደረግ ይገባል።

ትናንት ልጄ ከሆሳዕና በተረፈው ዘንባባ ቀለበት ሠርቶ ለዴስክ ጓደኛው ወስዶለት ነበር። ጓደኛው ሙስሊም ነው፤ በረመዳን ለልጄ ቴምር በሶፍት ጠቅልሎ ያመጣለት እርሱ ነው። ቀለበቱ ስለሰፋው ፈትቶ በራሱ ጣት ልክ እንደገና አሰረው አለኝ። ይህንን ለስብሰባው ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

የሰኞው ፈተና ወደ ረቡዕ ተዛወረ፤ የመዝሙሩ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል።