«አሸዋ ስጣት!»፦ ባቡር ሲያሳድዱ መዋል

ባቡር መሳፈርና ባቡር ማሳደድ ለየቅል ናቸው። ተሳፋሪው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ተራራውን ያያል፤ ባቡሩን ግን አያየውም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ባቡሩን ነው። ስለዚህ በመስቀል ሰሞን ካሜራዬንና አጎቴን ይዤ ከአሜሪካዋ ዴንቨር ወደ ደቡብ ነዳሁ። በአላሞሳና በአንቶኒቶ በኩል አድርገን ቻማ አደርን።

ቻማ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከኮሎራዶ ድንበር ጥግ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ቱሪስቱ ሁሉ «አየሩ ሳሳብኝ» እያለ ሲያለከልክ ለአዲስ አበባ ልጅ ምንም አይመስለውም። ብርዱ ግን ብርድ ነው። ደግነቱ ለቀረጻ የሚፈለገው ይኸው ብርድ ነው፤ ሲሞቅ እንፋሎቱ ወዲያው ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ያደጉት ግን በናፍጣ ነው፤ የእንፋሎቱ ዘመን አልደረሰባቸውም። ጠዋት የቻማ ባቡር ግቢ ስንገባ መጀመሪያ ያዩት ባቡሩን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ ሳይሆን ሀዲዱን ነው።

«ከኛ ይጠባል» አሉ።

ልክ ናቸው። የጅቡቲው ሀዲድ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ይሄኛው 914 ሚሊ ሜትር ነው። ከምብረስ ኤንድ ቶልቴክ የሚባለው ይህ መስመር በ1880 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲዘረጋ ዓላማው የሳን ህዋን ተራሮች የብር ማዕድን ነበር። ማዕድኑ ተዳከመ፣ የጭነት መኪና መጣ፣ ገበያው ሞተ። በ1970 ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ ተጋርተው 64 ማይሉን ባይገዙት ኖሮ እንደ ሌላው ተነቅሎ ብረቱ ይሸጥ ነበር።

የዚያን ቀኑ ጉዞ ልዩ የሚያደርገው ሁለት ሎኮሞቲቮች እርስ በርስ ተያይዘው መውጣታቸው ነው። ሁለቱም ኬ-36 የሚባሉ ናቸው፤ በ1925 የፊላዴልፊያው ባልድዊን ፋብሪካ ከሠራቸው 10 ወንድማማቾች መካከል። የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ ያጎርሳቸው የነበረው ሰው ነው። ከቻማ እስከ ከምብረስ የተራራ ማለፊያ ዳገቱ 4 በመቶ ይደርሳል፤ በየመቶ ሜትሩ 4 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ለመኪና ቀልድ ነው። ለባቡር ግን ጉድ ነው።

ለአሳዳጅ ደግሞ ሠርግና ምላሽ። ባቡሩ እየተነፈሰ፣ እያዘገመ ስለሚወጣ ቀርጸህ፣ ትራይፖድህን አጣጥፈህ፣ መኪና ውስጥ ገብተህ፣ ቀድመኸው ሌላ ቦታ ትተክላለህ። 17 ቁጥር አውራ ጎዳና ከሀዲዱ ብዙ አይርቅም። ከባዱ ነገር ሌሎቹ አሳዳጆች ናቸው። ካሜራህን አስተካክለህ ስትጨርስ አንዱ ባርኔጣውን ይዞ ፊትህ ይገተራል። አንዳንዱም ሀዲዱ ጠርዝ ላይ ካልቆምኩ ይላል። ይሄ ድፍረት ሳይሆን ቂልነት ነው።

መጀመሪያ ያቆምነው ሎባቶ ድልድይ አካባቢ ነው። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል የሆነ፣ በ1883 የተሠራ የብረት ድልድይ ነው። በ2010 እሳት በልቶት እንደገና ጠግነውታል። ሁለቱ ሎኮሞቲቮች ተያይዘው እንዳያልፉበት የክብደት ገደብ አለ። ስለዚህ ባቡሩ ከድልድዩ በፊት ቆመ። ፊተኛው ተፈታና ብቻውን ቀስ ብሎ ተሻገረ። ማዶ ሆኖ ጠበቀ። ኋለኛው ፉርጎዎቹን እየጎተተ ተከተለው። ከዚያ እንደገና «ጓ!» ብለው ተያያዙ። አጎቴ ይህን ሁሉ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ሲያዩ ቆይተው «እንዲህ ነው ሥራ» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የጆሮ ነገር ነው። ሰው ለካሜራ ብዙ ብር ያወጣና ማይክ ላይ ይሰስታል። ስህተት ነው። ጎማዋ አንድ ጊዜ በዞረች ቁጥር እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ትንፋሻቸው አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ይለያያል፤ ሲገጥም ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። እኔ ማይኩን የንፋስ መከላከያ ፀጉሩን አልብሼ ከሰው ራቅ አድርጌ ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጥኩት። አስፐን የሚባሉት ዛፎች ቅጠላቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጭሱ በመካከላቸው ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ። ሁሉ ነገር ተሟልቷል።

ልክ ኩርባው ላይ የፊተኛዋ ጎማ አዳለጣት። «ቸክ... ቸክ...» ስትል የነበረችው በአንዴ «ቸክቸክቸክቸክ!» ብላ ባዶዋን ተሽከረከረች።

«አሸዋ!» ብለው ጮሁ አጎቴ። «ኧረ አሸዋ ስጣት! አሸዋ!»

ሾፌሩ አማርኛ ባይሰማም ሥራውን ያውቃል። ቦይለሩ ጀርባ ላይ ያለው ጉብታ የአሸዋ ማጠራቀሚያ ነው፤ በቧንቧ ጎማው ሥር ሲለቀቅ ብረቱ ሀዲዱን ይነክሳል። እንፋሎቱን ቀነስ አደረገ፣ ጎማዋ ያዘች፣ ትንፋሿ ተመለሰ። የአጎቴ ጩኸት ቪዲዮው ውስጥ ጥርት ብሎ ገብቷል። አልቆርጠውም።

ከምብረስ ማለፊያ 3,053 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፊት የነበረችው ረዳት ሎኮሞቲቭ ተፈትታ ወደ ቻማ ትመለሳለች። ባቡሩ ቆሞ ፍሬኑ ሲፈተሽ አጎቴ ወደ አንዱ ሠራተኛ ተጠጉ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፣ በእጃቸው ግን ይናገራሉ። ሰውዬው ሳቀ፣ የፍሬን ቱቦውን አሳያቸው፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከማለፊያው በታች ሀዲዱ ከፍታውን ለማውረድ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። ባቡሩ ከፊትህ አልፎ ይሄድና ዞሮ ደግሞ ታች ብቅ ይላል። ሳትሮጥ ሁለቴ ቀረጽክ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ሎስ ፒኖስን አልፎ ወደ ኦሲየር ሲያመራ ከአስፋልቱ ይለያል። የቶልቴክ ገደል ለተሳፋሪው ብቻ ነው።

ዕቃ ስጭን አጎቴ መኪናው ውስጥ አልገቡም።

«ነገስ ውስጡ ብንሳፈር?» አሉኝ።

«ውስጥ ሆነው ምኑን ያዩታል ጋሼ? ሎኮሞቲቩ አይታይም እኮ።»

«ማን ማየት ፈለገ? ቁጭ ልበል እንጂ! ቀኑን ሙሉ ስታስሮጠኝ ዋልክ።»