ኢሜይሉ አለ፣ ሰዎቹ የሉም

«ልጄ፣ ሰዎቼን በሙሉ ወሰዱብኝ እኮ!»

የቢሯችን የሺፒንግ ኃላፊ ናቸው። ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምንሠራው። እኔ ዶክመንት አዘጋጃለሁ፣ ጋሼ ደግሞ ከጂቡቲ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ኮምፒውተራቸው እየተንቀራፈፈ ሥራ ሲያስፈታቸው ባለሙያ ተጠራ። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገጠመበት፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫነ፣ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራምም መልሶ አስገባ። ኢሜይሉ ሲንጋጋ አሳያቸው፤ እሳቸውም መርቀው ሸኙት። በማግስቱ ለጂቡቲው ትራንዚተር ሊጽፉ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ቢመቱ ምንም የሚመጣ ነገር የለም። አድሬስ ቡኩን ከፈቱት። አንድ ሰው የለም።

እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም። ግን እኛ ቢሮ አንዴ ፕሪንተር ያስነሳ ሰው ዕድሜ ልኩን አይቲ ነው።

«ጋሼ፣ የድሮ ኢሜይሎችዎ አሉ አይደል?»

«ኢሜይሉማ አለ። ሰዎቹ ናቸው የሌሉት።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው። የቢሯችን ኢሜይል በአይማፕ ነው የሚሠራው። ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡት ሰርቨር ላይ ስለሆነ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ፓስወርዱን ሲያስገቡ ተመልሰው ይመጣሉ። አድሬስ ቡኩ ግን ካላገናኙት በስተቀር ሰርቨሩን አያውቀውም። እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ፕሮፋይል የሚባል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ተራ ፋይል ነው። ባለሙያው ኢሜይሉ መምጣቱን አየ፣ ሁሉም ነገር የመጣ መሰለው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ምንም አይጠቅምም። ፕሮግራሙና ፕሮፋይሉ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው፤ ተንደርበርድን መቶ ጊዜ ቢጭኑት የድሮውን ፋይል ፈልጎ አያመጣም። ደግነቱ ፕሮግራሙ ሲጠፋም ፕሮፋይሉ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «አሮጌው ሃርድ ዲስክ የት ገባ?»

የጋሼ አሮጌ ዲስክ ከዚያው ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ድራይቭ ዲ ሆኖ ተቀምጧል። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ዲስኩ ሳይቀየርና ፎርማት ሳይደረግ በላዩ ላይ ዊንዶውስ ተጭኖበት ቢሆን ደግሞ ድራይቭ ሲ ላይ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባል ፎልደር መፈለግ ነበረብን። እሱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። «ሳምንት ስመለስ አየዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካላችሁ ተቆጡት።

ድራይቭ ዲን ከፈትኩ። ዩዘርስ፣ ከዚያ የጋሼ ስም ያለበት ፎልደር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተቆረጠ፤ የምንፈልገው አፕዳታ የሚባለው ፎልደር አይታይም፣ ዊንዶውስ ይደብቀዋል። ከላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብቼ የተደበቁትን አሳይ የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ገርጣ ያለ ቢጫ ፎልደር ብቅ አለ። ስነካው ፈቃድ የለሽም አለኝ፤ ኮንቲኒዩ አልኩት። አረንጓዴዋ መስመር እየተጎተተች ስትሞላ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ተገኘ?» «ገና ነው ጋሼ።» «አሁንስ?»

አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ፣ ሮሚንግ ውስጥ ተንደርበርድ፣ እሱ ውስጥ ፕሮፋይልስ። እዚያ ሁለት ፎልደሮች አሉ። የሁለቱም ስም የሚጀምረው ትርጉም በሌላቸው ፊደላትና ቁጥሮች ሆኖ አንደኛው «ዲፎልት»፣ ሌላኛው «ዲፎልት ሪሊዝ» ብሎ ያበቃል። በስም አትመኑ። አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ንብረቱ ያለው ከአንዱ፣ አንዳንዱ ላይ ከሌላው ነው። መጠኑንና መጨረሻ የተነካበትን ቀን ማየት ይሻላል። አንዱ ባዶ ለማለት ምንም አልቀረውም፣ ሌላው በጊጋባይት የሚቆጠር ነበር።

ትልቁ ውስጥ ነው ኤቡክ (abook) የሚል ስም ያለው፣ መጨረሻው ኤስኪውላይት የሆነ ፋይል የተገኘው። የጋሼ አድሬስ ቡክ እሱ ነው። ከ2020 በፊት የነበሩት ተንደርበርዶች ይህን ፋይል ኤምኤቢ በሚል መጨረሻ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ከቁጥር 78 ወዲህ ነው ወደ ኤስኪውላይት የተቀየረው። የቆየ ዲስክ እያሰሳችሁ ከሆነ ሁለቱንም ፈልጉ።

ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርጌ፣ ተንደርበርድ ላይ ኢምፖርት ከሚለው አድሬስ ቡክ መርጬ አስገባሁት። አዲሶቹ ተንደርበርዶች ኤስኪውላይቱንም ኤምኤቢውንም ይቀበላሉ። ፋይሉን ወስዶ በአዲሱ ላይ መገልበጥም ይቻላል፣ ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ። እኔ አልወደውም፤ በመሃል የተመዘገበ አዲስ ሰው ካለ ይዞት ይሄዳል።

ሰዎቹ መጡ። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና የትራንዚተሩን ስም መቱ። የለም!

ቀና ብለው ሲያዩኝ ሳቄ መጣ፤ ይሄኛውን ጠብቄው ነበር። ትራንዚተሩን መዝግበውት አያውቁም። ለዓመታት ሲጽፉለት ተንደርበርድ ራሱ እየሰበሰበ ለብቻ ሲያስቀምጥላቸው ነው የኖረው። ኢሜይል የላካችሁለትን ሰው ሁሉ «ኮሌክትድ አድሬስስ» የሚል ሌላ ደብተር ውስጥ ይከታል፤ የዚያ ፋይል ስሙ ሂስትሪ ነው። ኤቡክን አምጥቶ ሂስትሪን የረሳ ሰው ከግማሽ በላዩን ሊረሳ ይችላል። ምክንያቱም ማናችን ነን ሰው ቁጭ ብለን የምንመዘግበው? እሱንም አስገባሁት። ትራንዚተሩም፣ የመርከብ ድርጅቱ ሰዎችም፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ላይ ሁሌ የምትሳሳተዋ ልጅም ተመለሱ።

ዲስኩ ጭራሽ ባይገኝስ? የተላኩ ኢሜይሎች አሉ። ሴንት ፎልደሩን በተቀባይ ስም ደርድሩት። ኢሜይሉን ስትከፍቱ ከአድራሻው አጠገብ ትንሽ ምልክት አለች፤ ስትነኳት ሰውየው ይመዘገባል። አሰልቺ ነው፣ ግን ሻይ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ከሰዓቱን አያሳልፍም።

አሁን ደግሞ ሳይጠፉ ስለሚጠፉት። እነዚህ ናቸው እኔን የሚያናድዱኝ።

ፕሮግራሞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ እነሱ የቤተሰብ ስም ነው ብለው በሱ ይደረድሩታል። አውትሉክ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ሌላ ካልነገራችሁት በስተቀር አበበ ከበደ «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ነው ፋይል የሚደረገው። እናንተ አ ላይ ትፈልጋላችሁ፣ እሱ ከ ላይ ተኝቷል። ተንደርበርድም ላይ የስም አቀማመጡ የአባት ስም ይቅደም ከተባለ እንደዚያው ነው። አዲስ የመጣች የሒሳብ ክፍል ልጅ «ግማሾቹ ጠፍተዋል» ብላ ጠርታኝ፣ ሁሉም በየአባታቸው ስም ተሰልፈው ነበር። ተንደርበርድ ላይ የአድሬስ ቡኩን የአቀማመጥ ምርጫ ከፍቶ ስም ከአባት ስም በፊት እንዲመጣ ማድረግ ነው። አውትሉክ ላይ «ፋይል አዝ» የሚለውን ማስተካከል።

በአማርኛ ፊደል የምትመዘግቡ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ለእኛ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ኃይሉን በሃ ጽፋችሁ መዝግባችሁ በኃ ብትፈልጉት አያመጣውም። ጋሼ በዚህ የማይደራደሩ ሰው ናቸው፤ ንጉሥን በሰ የጻፈ ደብዳቤ አይፈርሙም። ሌሎቻችን ግን እንዳመጣልን ነው የምንጽፈው። የእኔ መፍትሔ ስሙን መተውና በድርጅቱ ስም ወይም በኢሜይል አድራሻው ቁራጭ መፈለግ ነው። ኢሜይል አድራሻ ላይ ሃሌታው ሀ የለም።

አውትሉክ ላይ ደግሞ አድሬስ ቡክ መስሎ የሚያታልል ነገር አለ። አንድ ሁለት ፊደል ስትመቱ ከሥር ተንጠልጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ኮንታክት አይደለም። ከዚህ በፊት የጻፋችሁላቸውን የሚያስታውስበት ነው፤ የሚይዘውም እስከ 1000 ያህል ነው። አዲስ ፕሮፋይል ሲከፈት ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ለዓመታት በሱ ብቻ ሲጠቀም ይኖርና ሲጠፋ «ኮንታክቶቼ ጠፉ» ይላል። ኮንታክት ኖሮት አያውቅም። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሰዎቹ ኮንታክት ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ ኢሜይል ሲጽፉ «ቱ» የሚለውን ሲነኩ ግን ባዶ ይመጣል። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አውትሉክ አድሬስ ቡክ የሚለው ውስጥ አንዲት ምልክት አለች። እሷን ማድረግ ነው፣ በቃ።

ሰው ሁሉ ኮንታክቱን ሲያገኝ የሚቀጥለው ነገር ወደ ኤክሴል መውሰድ ነው። ኤክሴል እወዳለሁ፣ እንጀራዬ ነው። በኮንታክት ግን አላምነውም። ሲኤስቪ የሚባለውን ተራ የዝርዝር ፋይል ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትከፍቱት 0911 ብሎ የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን ይጥላል። በ+251 የተጻፈው ደግሞ ረዘም ያለ ቁጥር ነው ብሎ 2.51911ኢ+11 ያደርገዋል። በዚያው ሴቭ ካላችሁት የቀሩት አሃዞች አይመለሱም፤ ሲኤስቪ የሚያስቀምጠው የሚታየውን ነው። በአማርኛ የተጻፈ ስም ከሆነ ይብሳል። ተራው ሲኤስቪ ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉት እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የዕድር አባላት ዝርዝር እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት፣ ስንት ወር እንዳልተከፈለ ብቻ ይነበባል።

የግድ ኤክሴል ከሆነ ፋይሉን በቀጥታ አትክፈቱት። ዳታ በሚለው በኩል ከቴክስት ወይም ከሲኤስቪ የሚለውን መርጣችሁ፣ የአማርኛ ፊደልን የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ፣ የስልኩን ዓምድ ቴክስት አድርጉት። ሴቭ ስታደርጉም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን። ዝርዝሩን ማስተካከል ካላስፈለገና ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ማዛወር ብቻ ከሆነ ደግሞ ቪካርድ በሚባለው የኮንታክት ፋይል አውጡት። በኤክሴል በኩል ማለፍ አያስፈልገውም።

ጋሼን «አሁን ከስልክዎ ጋር ላገናኘው?» አልኳቸው። ተንደርበርድ ካርድዳቭ በሚባለው መንገድ የጉግል ኮንታክትን ያነባል፤ ስልካቸው ላይ የመዘገቡት ሰው ኮምፒውተሩ ላይም ይመጣል። ሐሳቡን ወደዱትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«እዚህ ባጠፋውስ?»

«እዚያም ይጠፋል።»

እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የተገናኘ ነገር መጠባበቂያ አይደለም፤ ስሕተቱንም አብሮ ያዛውራል። ጉግል ላይ የጠፋ ኮንታክት እስከ 30 ቀን ድረስ ከቅርጫቱ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ስለዚህ ካገናኘነው በኋላም በየጊዜው አንድ ቪካርድ ፋይል አውጥቼ የቢሮው ፍላሽ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ አልኩ።

ጋሼ ተስማሙ። ከዚያ ሁሉንም ፕሪንት አድርጊልኝ አሉ። ብዙ ገጽ ነው ብላቸው አልሰሙም። ያችው ፕሪንተር ወረቀት ነከሰችና እሷን ለማስነሳት ደግሞ እኔው ተጠራሁ።